«ሰበር» ብላችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት

ዛሬ ስለ ሌላው ወገን አላወራም፤ ስለ ኪሳችን ስልክ ነው የማወራው።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር አሜሪካ ከአይሲስ ጋር ተባብራለች ብሎ፣ ማስረጃዬ ይኸው ሲል ከአየር የተነሱ ፎቶዎችን ለጠፈ። አንዷ ፎቶ ከስልክ ጌም ላይ የተቆረጠች ሆና ተገኘች! ሚኒስቴሩ ልጥፉን አነሳ፤ ጥፋቱንም አንድ ሲቪል ሠራተኛ ላይ ጣለ። ሚኒስቴር ነው እንግዲህ፣ የሰፈር ፔጅ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አርማ 3 የሚባል የቼኮች ጌም አለ፤ ታንኩም ጄቱም እውነት ይመስላል። ሰውየው ስክሪኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች ያጠፋል፣ ስክሪንሾት ያነሳል፣ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ያጨልመዋል፣ ሆን ብሎ ጥራቱን ያወርደዋል። ብዥ ሲል ከጦር ሜዳ በጭንቅ የተነሳ ይመስላላ! ከዚያ የከተማ ስምና «ሰበር» ይጨመርበታል፤ በቃ። የጌሙ ባለቤቶች ራሳቸው በ2015 ዓ.ም. አስጠንቅቀዋል፦ ቪዲዮው ብዥ ያለ፣ የጨለመ፣ ድምፅ የሌለው፣ ሰው የማይንቀሳቀስበት ከሆነ ጠርጥሩ ብለው።

እኛስ? እውነቱን እንነጋገር፤ እኔም ተናድጄ ሳላጣራ ሼር አድርጌ አውቃለሁ። ስሰርዘው ሌላው ወስዶት ነበር። አንድ የውሸት ፎቶ ከእኛ እጅ ሲያዝ፣ ነገ እናት ልጇን ስታለቅስ የተነሳውም እውነተኛ ፎቶ «ይሄም ጌም ነው» ይባላል። የእሷን ለቅሶ ማን ያምናታል?

አድሚኖች፣ ፎቶ ሲላክላችሁ ማን አነሳው፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። ጎግል ላይ በምስሉ ፈልጉ። መልስ ካልተገኘ፣ የፈለገውን ያህል ቢያንገበግበን አይለጠፍም።