የሁለት ሂጅራ ባለቤቷ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳት ሶሓቢያ የአገራችንን ውኃ የጠጣች እናት ናት፤ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)። ከባለቤቷ ከጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ከመካ ተነስታ፣ ባሕር ተሻግራ ወደ ሐበሻ ተሰደደች፤ ከአሥር ዓመት በላይም ኖረች። ሦስት ወንዶች ልጆቿን፣ ዐብዱላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው እዚሁ ነው። መዲና የገባችው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 628)፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ ነበር።

እዚያም በሐፍሷ (ረ.ዐ) ቤት ሳለች ዑመር (ረ.ዐ) አገኛትና፣ በሂጅራ የቀደምናችሁ እኛ ስለሆንን ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ይበልጥ የምንቀርበው እኛ ነን አላት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ አጠገባቸው ሆናችሁ የተራበውን ያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር ስንሰጋና ስንቸገር ኖርን አለችው። (እኛ ነጃሺን እያሰብን ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ የሆነላቸው ይመስለናል፤ የኖረችበት ግን እንዲያ አላለችም።) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳልነግር እህል ውኃ አልቀምስም ብላ ማለች። እሳቸውም ለዑመርና ለባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱላት። አብረዋት በመርከብ የመጡት ሁሉ ይህን ቃል ከአንደበቷ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ ነበር።

ዛሬም ከደብረ ብርሃኑም ከአንኮበሩም ሰው መካከል ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶች አሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሱት ወገኖቻችን ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። በላከችው ገንዘብ ቤት ተሠርቶ፣ ወንድም ተምሮ፣ እሷ በቤተሰብ ጉዳይ አንድ ቃል ስትናገር «አንቺ እኮ እዚህ አልነበርሽም» የምትባለዋ ስንት ናት!

አስማእ ከሄደችበት አገር ዕውቀት ይዛ ተመልሳለች። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ፋጢማ (ረ.ዐ) ሞቷ ሲቃረብ፣ የሴት ጀናዛ በላዩ ጨርቅ ብቻ ጣል ተደርጎበት የሰውነት ቅርጽ እየታየ መወሰዱ አስጨነቃት። አስማእም በሐበሻ ያየችውን ነገረቻት። እርጥብ የቴምር ዝንጣፊ አስመጥታ፣ አጉብጣ ቃሬዛ ሠራችና ጨርቅ አለበሰችው። ፋጢማ በጣም ወደደችው።

በትዳሯ ብዙ አይታለች። መዲና በገባች በዓመቱ ጀዕፈር በሙእታ ሸሂድ ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ቤቷ መጥተው ልጆቿን አቅርበው አለቀሱ፤ ሐዘን ይዟቸዋልና ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው ብለውም አዘዙ። ሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዘን የምንሄድበት ሱንና የእሷን ቤት ያስታውሰናል። ከዚያ አቡበክር (ረ.ዐ) አገባት። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ለሐጅ ሲወጡ ዙል ሑለይፋ ላይ ምጥ ይዟት ሙሐመድን ወለደች። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ታጥባ ኢሕራም እንድታደርግ ታዘዘችና መንገዷን ቀጠለች። አቡበክር ሲሞትም ገላውን ያጠበችው እሷ ናት። በኋላ ዐሊን (ረ.ዐ) አግብታ የሕያን ወለደች።

ያ መንገድ ላይ የተወለደው ሙሐመድ ደግሞ አል-ቃሲምን ወለደ። ይህ የልጅ ልጇ ከመዲና ሰባቱ ታላላቅ ፉቀሃእ አንዱ ነው።