የስልክ ማማ በሚታደስበት ጊዜ



የቀበሌያችሁ ማማ ወደ 4ጂ ሲታደስ ኔትወርኩ ቢዋዥቅ ስልኬ ተበላሸ ብላችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ። በስልኩ ራስ ላይ እየረዘሙ የሚታዩት ጭረቶች የሚናገሩት ከማማው የመጣው ሞገድ ምን ያህል በርትቶ እንደ ደረሰ ነው እንጂ ስንት ሰው እንደሚሻማበት አይደለም። በገበያ ቀን ጭረቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጥሪው እንቢ የሚለው ስለዚህ ነው። ጭረቱን የሚመድበው ስልኩን የሠራው ፋብሪካ ነውና የጎረቤታችሁ ስልክ ከእናንተው ቢበልጥ አትደነቁ። ትክክለኛው ልክ ዲቢኤም ይባላል፤ የልማት ሠራተኛው በዘመናዊ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ሊያየው ይችላል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለ ሆነ 70 ከ100 ይሻላል፤ በ10 በራቀ ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

ማማው ሲጠፋ ስልኩ ሌላ ማማ ሲያስስ ባትሪውን ይጨርሳል። መብራት በሌለበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለምና በዚያ ሰዓት አጥፉት። ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ አብሩት፤ አዲሱን ሞገድ እንደገና ይፈልጋል። 4ጂው ደካማ ሆኖ ድምፅ ቢቆራረጥ በሴቲንግ 2ጂን ምረጡ። ከቆርቆሮ ቤት መውጣትና ማማው ወደሚታይበት ጉብታ መሄድም ይረዳል።

በስንዴ ላይ ዋግ በታየ ጊዜ አንድ ቀን መዘግየት ያስከፍላል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የገበሬዎች ምክር መስመር 8028 የድምፅ ጥሪ ነው፤ 2ጂ ይበቃዋል። የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ማማው የሚዘጋበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁና ለገበሬው ንገሩት።