ድርቡ ከዳዩ ነው ወይስ ከማሽኑ?

(በጉርድ ሾላ በተደረገው የተመራቂዎች መሰባሰብ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሳንቲም እንድናገር ስትጋብዙኝ የተሳሳትኩበትን ለመንገር ወሰንኩ።

እዚሁ ጉርድ ሾላ አንድ የጎረቤት ልጅ የ1969ን 25 ሳንቲም ይዞልኝ መጣ፤ ወንድና ሴት እጃቸውን ያነሱበትን ማለቴ ነው። በአንበሳው በኩል ያለው ጽሕፈት ሁለት ሆኖ ይታያል። «ጋሼ፣ ሰውየው 2000 ብር አለኝ፤ ልግዛት?» አለኝ። እኔም በረንዳ ላይ በዓይኔ ብቻ አይቼ «እውነተኛ ድርብ ናት፣ ግዛት» አልኩት። መካኒካል ምህንድስና ተምሬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲም የሚመታው ዳይ በምንለው ጠንካራ ብረት ነው። ዳዩ ራሱ ደግሞ ምስሉን የሚያገኘው ከእናት ቅርጽ ላይ ተጭኖ ነው። የአጤ ምኒልክን የ1887 ብር ምስል የቀረጸው ፈረንሳዊው ሻፕላን ነበር፤ ብሩም ፓሪስ ተመታ። በቆየው አሠራር እናት ቅርጹ ዳዩን ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫነዋል፤ በመሃል ዳዩ በእሳት ይለሰልሳል። በሁለተኛው ጭነት ትንሽ ዞር ካለ ሁለት ምስል ዳዩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ዳይ የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ፣ በዚያው ቦታ ይዞ ይወጣል። በዓለም የታወቀው የ1955 የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው፤ 20 ሺህ ገደማ ገበያ ገብቷል ይባላል።

የማሽን ድርብ ግን ሌላ ነው። ዳዩ ደህና ነው፤ አያያዙ ላልቷል። ሳንቲሙን መትቶ ሳይለቀው ሸርተት ሲል፣ አሁን የወጣውን ፊደል ጎኑን ዳጥ ያደርገዋል። ይህ ብዙ የሚያጋጥም ነው፤ ለሰብሳቢም ተጨማሪ ዋጋ የለውም።

እንዴት እንለያቸው? በአጉሊ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ እዩ። እውነተኛው ድርብ ሁለቱም ምስል ክብ ክብ ያለ ከፍታ አለው፤ ፊደሉ ይወፍራል፤ የፊደሉ እግር ጫፍ እንደ ሹካ ይከፈላል። የማሽኑ ድርብ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ደረጃ ከፊደሉ ዝቅ ብሎ ይተኛል። የሚወስደውም ከፊደሉ ከራሱ ስለሆነ ፊደሉ ይቀጥናል። የግዕዝ ቁጥር ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ከላይና ከታች ሰረዝ ስላለው ዳጥ ያለው ጠርዝ ሌላ ሰረዝ ይመስላል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

ልጁ ከወር በኋላ ደስ ብሎት አንድ እፍኝ ሳንቲም ይዞ ተመለሰ። ሦስቱ «ድርብ» ነበሩ፤ የአንዱ ወደ ቀኝ፣ የአንዱ ወደ ግራ፣ የአንዱ ለክፉ የማይሰጥ ጭረት። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። አጉሊ መነጽሩን አውጥቼ የ2000 ብሯን ሳያት፣ ጠፍጣፋ ደረጃ፣ የቀጠነ ፊደል። ልጁ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ገንዘቡ ለእናቱ ሱቅ ዕቃ ማምጫ የተቀመጠ እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው።

2000 ብሩን ከፈልኩት፤ ሳንቲሟንም ወሰድኩ። መምህራን፣ እኛ «ተምሯል» ተብለን ስንጠየቅ ሰው በቃላችን ገንዘቡን ያወጣል። «ቆይ፣ መነጽር ላምጣ» ማለት አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

ሳንቲሟ ይኸው ኪሴ ውስጥ ናት፤ አጉሊ መነጽሩም አለ። በሻይ ሰዓት መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ኑና እዩአት። ቤታችሁ ያለውንም ካመጣችሁ አብረን እናያለን፤ ዋጋ ግን አልናገርም።