የሕመምተኛ አልጋ፣ ዊልቸርና ክራንች በአቅማችን ከየት እናግኝ?
(በኡም ሱማቅ በዓርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

በሳምንት አንዴ የምታገኟትን የዕረፍት ሰዓት ሰውታችሁ ከኸልዳም፣ ከጀበል ሑሴንም፣ ከሌላም ሰፈር ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሕክምና ዕቃ ነው። እኔ ነርስ አይደለሁም። ግን አንዲት ሐጃ ሳስታምም ስድስት ዓመቴ ነው። ስቀበላት በእግሯ ትሄድ ነበር። ቀጥላ ዎከር ያዘች፣ ከዚያ ዊልቸር ላይ ተቀመጠች፣ አሁን አልጋ ላይ ናት። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ በተራ በእጄ አልፏል። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ ናችሁ። የመጣነው ለቤት ሥራ ተብለን ነው፤ ስንገባ ግን አስታማሚ ሆነን እናገኘዋለን።

ነገሩ ለምን እኛን ይመለከታል? አንደኛ፣ ዕቃ በሌለበት ቤት ዕቃው የእኛ ወገብ ነው። ሰባና ሰማንያ ኪሎ ሰው ከዝቅተኛ አልጋ ብቻዋን የምታነሣ ልጅ ዓመት ሳይሞላት ወገቧን ትይዛለች። ሁለተኛ፣ እኛም እንታመማለን፣ እንሰበራለን። ሦስተኛ፣ አገር ቤት እናት አባቶቻችን አርጅተዋል። ስልክ ሲደወል ጥያቄው ከልብስና ከሞባይል ወደ ስኳር መለኪያና ወደ ዊልቸር ዞሯል።

ማን ነው የሚከፍለው?

መጀመሪያ ይህ ይለይ። ለቤቱ ሰው የሚያስፈልገውን ዕቃ የሚገዛው ቤተሰቡ ነው። ከደሞዝሽ ፓምፐርስም ሆነ ጓንት ልትገዢ አይገባም። ታዲያ ማዳምን እንዴት እንጠይቃት? «ደከመኝ» ስንል አትሰማም። «ሐጃ ጀርባዋ ቀልቷል፣ የአየር ፍራሽ ካልመጣ ቁስል ይሆናል፣ ሐኪሙን ጠይቂልኝ» ስንል ግን ትሰማለች። የተለወጠውን ነገር በቀኑ ጻፊ፣ የቀላውንም ቦታ አሳያት። ቀዩ ቦታ በጣት ተጭነሽ ስትለቂው ነጣ ካላለ የአልጋ ቁስል መጀመሪያው እሱ ነው፤ ለነገ አይባልም።

አንቺ ራስሽ ስትታመሚስ? በዮርዳኖስ ስለ ቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቁጥር 90 ደንብ አሠሪው የጤና እንክብካቤ እንዲያቀርብ ያዛል፤ በዓመት 14 ቀን የሕመም ፈቃድም አለ። እግሯ ለተሰበረ ልጅ ክራንች መጠየቅ ልመና አይደለም። እምቢ ካሉ ወይም ከደሞዝ ከቆረጡ እንደ ተምኪን ያሉ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች አማን ውስጥ አሉ፤ ከኮሚቴያችን አንድ ሰው አብሯችሁ ይሄዳል። ኢቃማዋ ያለቀባት ወይም ከከፊሏ ቤት የወጣች እህታችን ግን የምትጠይቀው አሠሪ የላትም። ስለ እሷ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ስሙን በዐረብኛ እወቂ

ሱቅ ገብተሽ በእጅ ምልክት ካስረዳሽ ዋጋው ይጨምራል። ጻፉት፦ ዊልቸር ኩርሲ ሙተሐሪክ፣ ክራንች ዑካዛት፣ የሕመምተኛ አልጋ ተኽት ጢቢ፣ የአየር ፍራሽ ፈርሸት ሀዋ፣ የግፊት መለኪያ ጂሃዝ ደግጥ፣ የስኳር መለኪያ ጂሃዝ ሱከሪ ነው። ዎከር እነሱም ዎከር ነው የሚሉት።

ለዋጋው ደግሞ እነዚህን ያዙ፦ ሙስተዕመል ማለት ያገለገለ፣ ኢጃር ማለት ኪራይ፣ ኢዓራ ማለት በውሰት፣ ተእሚን ማለት መያዣ ገንዘብ፣ ፋቱራ ማለት ደረሰኝ። የማሽን ዋስትና ደግሞ ከፋላ ይባላል። አዎ፣ እኛን የያዘን ያው ከፋላ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይጠቅመናል፣ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የት ይገኛል?

አራት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ውሰት ነው። በየሰፈሩ ካሉት የዘካ ኮሚቴዎች (ለጅነት ዘካ) አንዳንዶቹ ዊልቸርና ክራንች ለተቸገረ ያውሳሉ። ሃይማኖት ሳትፈሪ ጠይቂ። ሲድን ይመለሳል፤ ለሌላ ሰው ነውና ንጹሕ አድርገሽ መልሺ።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። በትልልቅ ሆስፒታሎች አካባቢ፣ በጀበል አማን በኸሊዲ ሆስፒታል ዙሪያና በዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በኩል፣ የሕክምና ዕቃ ሱቆች አሉ። ስትገቢ «ታከራያላችሁ ወይ?» ብለሽ ጀምሪ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ አልጋው በወር 30 ዲናር ቢከራይና ያገለገለው በ150 ቢሸጥ፣ በ5 ወር ይተካከላል። ስብራት ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ነውና ተከራዪ። የማይነሣ ሰው ከሆነ ግዢ ይሻላል። መያዣውን ስትከፍዪ «ዕቃው ሲመለስ ይህን ያህል ይመለሳል» ተብሎ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ያልተጻፈ መያዣ ሲመለስ ብዙ ጭቅጭቅ አለው።

ሦስተኛው ያገለገለ ዕቃ ነው። ኦፕን ሱቅ በተባለው የሽያጭ መተግበሪያ ላይ ሰው ሲሞት ወይም ሲድን አልጋውንና ወንበሩን ይሸጣሉ። ቤቱ ስለሚጣበብ ቶሎ እንዲወጣላቸው ይፈልጋሉ፤ ዋጋው የሚወርደውም ለዚህ ነው። ለማየት ስትሄዱ ብቻችሁን ወደማታውቁት ቤት አትግቡ፤ ሁለት ሁኑ፣ በቀን ይሁን፣ ሳታዩ ቀብድ አትላኩ።

አራተኛው እኛ የምናውቀው ነው፤ የምንሠራበት ሕንፃ። ስንት ቤት ነው ከሰገነቱ ላይ የአያት ዊልቸር አቧራ የሚጠጣው? በር ጠባቂውን ጠይቁ፣ ጎረቤት ያለችውን ሠራተኛ ጠይቁ። ማዳም ስትሰጥሽ ግን «ለእሷ ሰጥቻለሁ» ብላ በዋትሳፕ ትጻፍልሽ። ኋላ ጠፋ ቢባል ሌባ እንዳትባዪ።

ሳትከፍዪ በፊት

ዊልቸር፦ ተቀመጪበት። በሁለቱም ጎን ጣት ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ከሰፋ ሰው ያዘነብላል፣ ከጠበበ ዳሌ ያቆስላል። ሁለቱንም ፍሬን ያዢና ግፊው፤ ከተንቀሳቀሰ ተዪው። አማን ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን የሌለው ወንበር ኡም ሱማቅ መንገድ ላይ ሰው ይገድላል። የእግር ማሳረፊያው ሁለቱም መኖሩንና ወንበሩ መታጠፉን እዪ።

ዎከር፦ ሰውየው ቆሞ እጁን ዝቅ ሲያደርግ እጀታው አንጓው ላይ ይድረስ። የእግሮቹ ጎማ ካለቀ ዋጋው ትንሽ ነውና ቀይሪው።

ክራንች፦ ጫፉ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል። ክብደቱ በመዳፍ እንጂ በብብት አይያዝም፤ ብብት ላይ የሚደገፍ ሰው ነርቩ ይጎዳና እጁ ይደነዝዛል።

አልጋ፦ በእጅ የሚዞረው ከኤሌክትሪኩ ይረክሳል፣ ቶሎም አይበላሽም። ዋናው ግን ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑ ነው፤ ለወገባችን የሚጠቅመው እሱ ነው። ራስጌው ብቻ የሚነሣ አልጋ ለሕመምተኛው ይመቻል፣ ለእኛ ግን ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ከመጫኑ በፊት በሩንና ሊፍቱን ለኩ።

የአየር ፍራሽ፦ ፓምፑን ሰክታችሁ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ክፍሎቹ እየተፈራረቁ ካልተነፉና ካልተነፈሱ አይሠራም። ፍራሹ ቢኖርም ሰውየውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አይቀርም።

የግፊት መለኪያ፦ ከእጅ አንጓው ይልቅ የክንዱን ግዙ። የክንዱ ማሰሪያ ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ይነግራችኋል። አምስት ደቂቃ አርፎ ተቀምጦ ይለካ።

የኦክስጅን ማሽን፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዛም፣ መጠኑም በግምት አይጨመርም። ያገለገለ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚቆጥር ሜትር አለው፤ አስነብቡት። የሚሰጠው ኦክስጅን 90 ከመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን ሻጩ በመሣሪያ ለክቶ ያሳያችሁ። እሱ ባለበት ክፍል ሲጋራ፣ ሻማ፣ ከሰል የሚባል አይገባም። ዕጣን ማጨስም እንደዚሁ።

ያገለገለ የማይገዛም አለ፦ የአፍና የአፍንጫ ማስክ፣ የኦክስጅን ቱቦ፣ የሽንት ቱቦ፣ የስኳር መውጊያ መርፌ። እነዚህ ሁልጊዜ አዲስ ናቸው።

ወደ አገር ቤት ከመላካችሁ በፊት

የስኳር መለኪያው ርካሽ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ስትሪፑ ነው። አንዱ ማሽን የሌላውን ስትሪፕ አይቀበልም። ስለዚህ ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት እህታችሁ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ሄዳ የየትኛውን ዓይነት ስትሪፕ እንደሚይዝ ትጠይቅ። ያለበለዚያ ከሃምሳ ልኬት በኋላ ማሽኑ የልጆች መጫወቻ ይሆናል።

ኤሌክትሪኩ የዚህም የአገራችንም ከ220 እስከ 230 ቮልት ስለሆነ ይስማማል፤ ሶኬቱ ግን ሊለያይ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ቦታ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ።

ዊልቸር ግን ክብደት ነው፤ የጭነቱ ዋጋ ከወንበሩ ሊበልጥ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ጉዞ የተባለ ድርጅት ዊልቸር እየጠገነ ለሚያስፈልጋቸው ይሰጣል። ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ደግሞ መናገሻ ያለው ቼሻየር አለ። ከመላካችሁ በፊት ቤተሰብ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ። የሚላክ ከሆነም የጉምሩኩን ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ።

የምጠይቃችሁ

አሁን ወደዚያች የምትጠይቀው አሠሪ ወደሌላት እህታችን ልመለስ። እግሯ ቢሰበር በፕላስተር ታስራ ትወጣለች፤ ክራንቹ ግን የለም። ከዚያ በኋላ በየግሩፑ ገንዘብ እንለምናለን። ገንዘቡ ተሰብስቦ ክራንች ይገዛል፣ ልጅቷ ስትድን ክራንቹ ከአልጋ ሥር ይገባል። ለሚቀጥለዋ ደግሞ እንደገና እንለምናለን።

አገራችን እድር ምን ያደርጋል? ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳሕኑን አንዴ ገዝቶ ለሁሉም ያውሳል። በሐዘን ቀን ድንኳን የሚገዛ ሰው የለም። እኛም የክራንችና የዊልቸር እድር እናድርግ ነው የምለው። ለመጀመሪያው ሁለት ጥንድ ክራንች፣ አንድ ዎከር፣ አንድ ታጣፊ ዊልቸርና አንድ የግፊት መለኪያ ይበቃል። ሁሉንም መግዛት የለብንም፤ ግማሹ እናንተ በምትሠሩበት ሕንፃ ሰገነት ላይ ተቀምጧል።

ደንቡ አጭር ይሁን። ዕቃው ቁጥር ይጻፍበት። የወሰደችው ስሟንና ቀኑን በደብተሩ ትፈርም። ሐኪም በቃሽ ሲላት በሁለት ሳምንት ውስጥ ታጥቦ ይመለስ። መያዣ ገንዘብ አንጠይቅ፤ መያዣ ያላት ቀድሞም ወደ እኛ አትመጣም። በእሷ ፋንታ አንዲት አባል ዋስ ትሁን። ወረቀት ያላትና የሌላት ደግሞ በዚህ ደብተር ላይ አይለይ።

እስከሚቀጥለው ዓርብ እያንዳንዳችሁ በምትሠሩበት ሕንፃ ያለ ሥራ የተቀመጠ ዕቃ ካለ ጠይቃችሁ ኑ። ቦታም ያስፈልገናል፤ ከዚህ ሰፈር ክፍል የተከራያችሁ አንድ ቁም ሳጥን የሚያህል ጥግ ካላችሁ ንገሩን። ደብተሩን እኔ ገዝቻለሁ፤ ቁልፉን ማን እንደምትይዝ ዛሬ ሻይ ሳንጠጣ እንምረጥ።

ጥያቄ ካለ እሺ።