ፊደላችን ባዶ ሣጥን እንዳይሆን



ደኅና ቁም ጸሐፊ ብራናውን በሚገባ ሳይፍቅ ብርዑን ከቀለም አይነክርም። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰውም እንደዚሁ ጽሑፉ በአንባቢው ስልክ ላይ ምን መልክ ይዞ እንደሚወጣ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ለዚህም ምሳሌውን ከአዊ ዞን፣ ከዳንግላ እንውሰድ።

አንድ የዳንግላ ወጣት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በአዊኛ የንባብ ገጽ አዘጋጀ እንበል። በዚህ ቋንቋ በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ አለ፤ ፊደሉም ጘ ነው። የቋንቋው ስም ራሱ አውጚ ተብሎ ሲጻፍ ይኸው ፊደል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደላት ወደ ዩኒኮድ ሲገቡ ለጘም ቁጥር ተሰጥቶታል። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን መልክ አይሆንም። መልኩን የሚሰጠው ፎንት ሲሆን፣ ፎንቱን መርጦ ፊደሉን የሚስለው የብራውዘሩ ሞተር ነው፤ ይኸውም በክሮም ብሊንክ፣ በፋየርፎክስ ጌኮ፣ በሳፋሪ ዌብኪት ይባላል። ሞተሩ ጘን የያዘ ፎንት በስልኩ ውስጥ ፈልጎ ካጣ በቦታው ባዶ ሣጥን ያኖራል። ከዚህም የተነሣ ሕፃኑ የቋንቋውን ስም ለማንበብ ሲሞክር ከመጨረሻው ሣጥን ያገኛል።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። ገጹ የራሱን ፎንት ይዞ እንዲመጣ ማዘዝ ይቻላል፤ የግዕዝ ፊደል በሌለበት ገጽ ላይ ፎንቱ በከንቱ እንዳይወርድም የፊደላቱን የቁጥር ክልል መወሰን ይቻላል። የዘመን አቆጣጠርን በተመለከተም፣ ቀድሞ ሠሪው በእጁ ሲያሰላ በጳጉሜን ላይ ይሳሳት ነበር፤ ዛሬ ግን ሞተሩ ራሱ የኢትዮጵያን ቀን ቆጥሮ ይሰጣል።

ሥራውን ለመፈተን የሚረዳው መሣሪያም ያለ ዋጋ የተሰጠ ነው። በብዙ ኮምፒዩተሮች በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ላይ ኤፍ 12 የተባለውን ቁልፍ ቢጫኑ ይከፈታል። እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ፎንት እንደተሳለ ያሳያል፤ መስመሩንም ሆን ብሎ በማዘግየት ገጹ በደካማ ኔትወርክ እንዴት እንደሚከፈት ያስረዳል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። መሣሪያው የስልክ መስኮት ሲያስመስል የሚለውጠው በተለይ ስፋቱን ነው፤ ሞተሩና ፎንቶቹ ግን የዚያው ኮምፒዩተር ናቸው። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ አምሮ የታየው ጘ በገበያተኛው አሮጌ ስልክ ላይ ሣጥን ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የመጨረሻው ፈተና አሮጌ ስልክ ከጎረቤት ተውሶ ገጹን በዐይን ማየት ነው።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል። ያን ስልክ ለመዋስ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያተርፈው ግን አንድ ልጅ የቋንቋውን ስም ሳይጎድል እንዲያነብ ነው።