የራዲያተሩ ውኃ የት ገባ?
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ አሮጌ የጭነት መኪና አያያዝ ለአባላት የቀረበ ገለጻ

ክቡራንና ክቡራት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች፣



ምርት ከማሳ ወደ ገበያ፣ ምርጥ ዘርም ከመጋዘን ወደ ማሳ የሚደርሰው በመኪና ነው። መኪናው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለረጅም ዓመታት ያገለገለ አይሱዙ ወይም እርሱን መሰል የናፍታ መኪና ነው። መንገድ ላይ ሲቆም "ሾፌሩ አበላሸው" ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። ሞተር ግን በአንድ ቀን አይሞትም። ከመሞቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ከምልክቶቹ ሁለቱ የራዲያተር ውኃ መጉደልና ጠዋት በችግር መነሣት ናቸው።

ካንጋተን በኦሞ ወንዝ ዳር፣ በቆላ የምትገኝ የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ነው። ጂንካ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ከካንጋተን ጭኖ ወደ ጂንካ የሚሄድ መኪና በቆላ ሙቀት ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ይህ ለሞተር ማቀዝቀዣ ከባድ ፈተና ነው። በበጋ ወራት ራዲያተር ላይ በየጊዜው የሚፈሰው ጀሪካን ውኃም ሰውና ከብት ሊጠጣው የሚችል ውኃ ነው። በየጉዞው ውኃ መጨመር ጥገና አይደለም። የጎደለው ውኃ አንድ ቦታ ሄዷል፤ የሄደበት ሳይታወቅ መሙላት ችግሩን መሸፈን ብቻ ነው።

ፍለጋው የሚጀመረው ጠዋት፣ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። ማታ መኪናው በቆመበት ከሞተሩ ሥር ካርቶን ይነጠፍ፤ ጠዋት ጠብታው የወደቀበት ቦታ ፍሳሹ ከየት እንደሆነ ይጠቁማል። ቀጥሎ የላይኛውና የታችኛው የራዲያተር ጎማ፣ ማሰሪያዎቹ፣ የራዲያተሩ ገላ፣ በመጨረሻም የውኃ ፖምፓው በየተራ ይታያሉ። ፖምፓው ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ከእርሷ ውኃ መንጠባጠብ ከጀመረ ፖምፓው መቀየር አለበት ማለት ነው። ውኃው ደርቆ ቢሆን እንኳ ነጭ ወይም ቀለም ያለው ቅርፊት በቦታው ይቀራል።

ክዳኑም መዘንጋት የለበትም። የራዲያተር ክዳን ሥራው ውኃውን በግፊት መያዝ ነው። ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በጂንካ ከፍታ ግን 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን በባሕር ወለል ከፍታ የመፍያውን ነጥብ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፤ ውኃውም ዳገት ላይ ፈልቶ ይወጣል። ሞተር ሊወርድ ነው ተብሎ የተፈራው ችግር አንዳንዴ በአንድ ክዳን ያልቃል።

በውጭ ምንም ፍሳሽ ካልተገኘና ውኃው መጉደሉን ከቀጠለ ውኃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። የጠዋቱ አነሣስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የቴስታታው ጋስኬት ከተበላ መኪናው ባደረበት ሌሊት ውኃ ቀስ ብሎ ወደ አንዱ ሲሊንደር ይገባል። ጠዋት ሞተሩ በግድ ይነሣል፤ ለጥቂት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ከዚያ ይስተካከላል። ሾፌሩ "ሲሞቅ ይተወዋል" ብሎ ይሄዳል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ጥርጣሬው ይጠናከራል። እንዲህ ያለ መኪና ለጉዞ መውጣት የለበትም።

በችግር መነሣት ሁሉ ግን የጋስኬት ጉዳይ አይደለም። ባትሪው ከደከመ ሞተሪኖው በዝግታ ያዞራል። በናፍታው መስመር አየር ከገባ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠፋል፤ በእጅ ፖምፓ ሲሞላ ይሻለዋል። የናፍታው ፊልትሮ ውኃ ከያዘ ሞተሩ ይንተፋተፋል። በእነዚህ ችግሮች የራዲያተሩ ውኃ አይጎድልም። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ሲመጡ ግን ወደ ጋራዥ መሄድ የግድ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር በድንገት ድርቅ ብሎ ከቆመ ደጋግሞ መሞከር አይገባም። ውኃ ተጨምቆ አያንስምና በሲሊንደር የተጠራቀመው ውኃ የፒስቶኑን ክንድ ሊያጣምም ይችላል።

በተለምዶ የሚሠሩ አንዳንድ ስሕተቶችም መታረም አለባቸው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። "እንዲቀዘቅዝ" ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም በአንዳንድ ሞተሮች ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ እንዲዞር ያደርጋል፤ ሙቀቱ ይብሳል። ደፍራሽ የወንዝ ውኃ ደለል ያስቀምጣል፤ ሌላ ውኃ ከጠፋ አጥልሎ መጠቀም፣ ከተቻለም የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ይሻላል። የራዲያተር ፈሳሽ ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ዝገትን ይከላከላል። ነገር ግን ብዙው ዓይነት ጣፋጭና መርዛማ ነው። በየሜዳው ከተደፋ ሕፃናትም ከብትና ፍየልም ይጠጡታል፤ ይገድላልም። በዕቃ ተጠራቅሞ ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ይህ ዕውቀት ለመኪና ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን ዓመታዊ ሙላት ከቀየረው ወዲህ በወንዙ ዳር የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር አስፈላጊነት ጨምሯል። በውኃ የሚቀዘቅዝ የናፍታ መሳቢያም በዚሁ መንገድ ይመረመራል።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ከመፍቻ ይልቅ ከአሠራር ጋር የተያያዘ ነው። "መኪናው ውኃ ይጠጣል" ያለ ሾፌር ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከመሰለው ዝም ብሎ ውኃ ይጨምራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ዝምታው ጎማ በመቀየር የሚያልቀውን ችግር ሞተር ማስወረድ ላይ ያደርሰዋል። ወጪው ከአባላት ትርፍ ላይ ይነሣል። የዘር ወቅት ከሆነ ደግሞ በገንዘብ የማይመለስ ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተጨመረው ውኃ በሊትር፣ የጠዋቱ አነሣስ ይጻፍበት። ሾፌሩ መጻፍ ካልቻለ ረዳቱ ይጻፍለት። የቁጥጥር ኮሚቴው የገንዘብ ሰነድ ሲመረምር ደብተሩንም ይመልከት። ቦርዱም ለክዳን፣ ለጎማና ለማሰሪያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ስብሰባ ሳይጠበቅ እንዲወጣ አስቀድሞ ይወስን። ችግሩን ቀድሞ የተናገረ ሾፌር ይመስገን እንጂ አይቀጣ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገ ጠዋት ጀሪካኑ ከመነሣቱ በፊት "የትናንቱ ውኃ የት ገባ?" ተብሎ ይጠየቅ።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ።