«አልነሣ አለኝ»፦ የቤት ኮምፒውተር ሲቆም ከየት እንጀምር?



 የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይልቅ ለጥገና ሱቅ የሚስማማ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን የቤት ኮምፒውተር አልነሣ ባለበት ሰዓት አብሮት የሚቆመውን እናስብ። ሁለት ዓመት የተደከመበት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአንድ ትንሽ ንግድ ቤት ሒሳብ፣ በሕይወት የሌለች እናት ፎቶግራፍ በዚያ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ማሽኑን ከገበያ ሌላ እናገኝለታለን፤ ውስጡ ያለውን ግን የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

በመጀመሪያ አነጋገራችንን እንመርምር። «ኮምፒውተሬ አልነሣ አለኝ» ስንል ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ሕመሞችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው፣ ቁልፉ ሲጫን ድምፅም ብርሃንም የማይሰጥበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ትንንሾቹ መብራቶች እየበሩ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ የሚሆንበት ነው። ሦስተኛው፣ የአምራቹ ምልክት ከታየ በኋላ ዊንዶውስ ወይም ሌላው ሥርዓተ ክወና ሳይመጣ የሚቀርበት ነው። የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። ስለዚህ «ምኑ ተበላሸ?» ከማለታችን በፊት «እስከ የት ደርሶ ቆመ?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ጭምር ነው።

ጥያቄውን ለመመለስ፣ ቁልፉን ከተጫንንበት ቅጽበት ጀምሮ ምን እንደሚከናወን በአጭሩ እንከተል። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ወደ ፓወር ሰፕላይ ይገባል። ፓወር ሰፕላዩም ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ይለውጠዋል። ኃይሉ ሲረጋ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩም ሥራ ይጀምራል። ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ የሚያነበው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ የተቀመጠውን አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ቀድሞ ባዮስ ይባል ነበር፤ በዛሬዎቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ የተባለው ተክቶታል። እርሱም ራሙን፣ የምስል ክፍሉንና ሌሎቹን አካላት ይፈትሻል፤ ከዚያ ዲስኩን ፈልጎ ሥርዓተ ክወናውን ለሚያመጣው ጫኝ ፕሮግራም ሥራውን ያስረክባል።

ይህ ቅብብሎሽ «ቡት» የተባለው ከጫማ ጋር በተያያዘ ቀልድ ነው፤ የገዛ ጫማውን ማንጠልጠያ ይዞ ራሱን ከመሬት ለማንሣት የሚታገል ሰውን ያስታውሳል። ፕሮግራም ለመጫን ፕሮግራም ያስፈልጋልና፣ የመጀመሪያውን ማን ይጭነዋል? በ1975 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው አልቴር 8800 የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች ባለቤቱ ራሱ፣ ከፊት ለፊት ያሉትን መቀያየሪያዎች አንድ በአንድ ከፍና ዝቅ እያደረገ ያስገባ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ልፋት በሰከንዶች ስለሚያልፍ ደረጃዎቹን አናያቸውም። የምናስታውሳቸው አንዱ ሲሰናከል ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሁኔታዎች ልመለስ።

ምንም የሕይወት ምልክት ከሌለ ፍለጋው ከግድግዳው ይጀምራል። በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ ዲቫይደሩን ትታችሁ ገመዱን በቀጥታ ከግድግዳው አገናኙ፤ ከዚያም ገመዱን በሌላ ለውጡ። በዴስክቶፕ ጀርባ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ በስሕተት ጠፍቶ እንደሆነም ተመልከቱ። በቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ ይገኛል። በአገራችን 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ ሳለ ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ ሊቃጠል ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ፤ ከዚያ ቻርጀሩን መልሳችሁ ሞክሩ። ባትሪው አብጦ ከታየ ግን ምንም ሳትነካኩ ለባለሙያ አሳዩ። የፓወር ሰፕላይንም ሣጥን ቤት ውስጥ እንዳትከፍቱ አደራ እላለሁ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኃይል ሊቆይ ይችላል። ደግሞም መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ይህን ክፍል ከሚጎዱት አንዱ ነው። መብራት ሲሄድ ገመዱን መንቀል፣ ሲመጣም እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ፣ በቅድሚያ ስክሪኑ ራሱ ኃይል ማግኘቱንና ገመዱ በትክክል መግባቱን አረጋግጡ። የተለየ የግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ከሆነ የስክሪኑ ገመድ በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ መሰካት የለበትም። ቀጥሎ ፕሪንተሩን፣ ፍላሹንና ሌላውን ተጨማሪ ዕቃ ሁሉ ንቀሉ። ከዚያም ማሽኑን ከኃይል ለይታችሁ፣ በእጃችሁ ያለውን የማይታይ ኤሌክትሪክ ለማስወገድ የሣጥኑን ብረት ነክታችሁ፣ ራሙን አውጥታችሁ መልሱት። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ እየፈራረቃችሁ ሞክሩ። አቧራ ወይም የላላ አቀማመጥ ብቻ ማሽንን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ማሽኑ ሲነሣ የጢጢታ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ስንት ጊዜና በምን ያህል ርዝመት እንደሆነ ጻፉ፤ ትርጉሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ለጠጋኙ ግን ከብዙ ቃላት የበለጠ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ትንሽ ባትሪ ልጨምር። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። እርሷ ስትደክም ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ በአንዳንድ ማሽኖችም የተመረጠው የማስነሻ ቅደም ተከተል ይጠፋል። ዲስኩ ጤናማ ሆኖ ሳለ ማሽኑ «ማስነሻ አላገኘሁም» ሊል ይችላል። ከተነሣም በኋላ ቀኑ የተሳሳተ ስለሚሆን ብዙ ድረ ገጾች አስተማማኝ አይደሉም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቀኑ በራሱ ወደ ኋላ የሄደ ማሽን ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ይህችን ባትሪ ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ሁኔታ ትልቁ ጉዳት የሚደርስበት ነው። ምልክቱ ታይቷል፤ ሥርዓተ ክወናው ግን አልመጣም። በዚህ ጊዜ የተረሳ ፍላሽ ካለ ንቀሉ፤ ከዚያ ወደ ባዮሱ ገብታችሁ ዲስኩ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ዲስኩ ከታየ ሰነዶቻችሁ በቦታቸው የመኖራቸው ተስፋ ከፍተኛ ነው። ከማናቸውም ጥገና በፊት ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ማሽኑን አስነሥቶ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ማንበብም ሌላው መንገድ ነው። የዊንዶውስ የጥገና ምርጫዎችና «ሴፍ ሞድ» የሚሞከሩት ከዚህ በኋላ ነው። ዲስኩ የማንኳኳት ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፉት፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ የቀረውን ሊያበላሽ ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማውቀው አንድ የማስተርስ ተማሪ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ላፕቶፑን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጠግኖ ተመለሰለት። ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሣል፤ በውስጡ ግን ምንም የለም። ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖበታል። ጠጋኙን ለመውቀስ አንቸኩል፤ «ይነሣልኝ» ተብሎ ተጠየቀ፣ አስነሣው። ስለ ሰነዶቹ ማንም አልነገረውም። ተማሪው ቃለ መጠይቆቹን ለመድገም ወደ ገጠር ተመልሶ ሲሄድ፣ ካነጋገራቸው አዛውንቶች አንዱ በሕይወት አልነበሩም።

ፎርማት ምን እንደሚያደርግ መረዳት ይጠቅማል። ፈጣኑ ፎርማት በአብዛኛው የሚሰርዘው የሰነዶቹን ማውጫ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በነባሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ሊቆይ ይችላል። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ግን በላዩ ላይ ይጽፋል። በአዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ደግሞ የተሰረዘው ክፍል ቶሎ ስለሚጸዳ የማገገም ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል።

ይህ የቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ባሠራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ተሰናከሉ። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራቸው ታወከ። የማሽኖቹ አካል ግን ጤነኛ ነበር። ከመፍትሔዎቹ ዋነኛው ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ችግር የፈጠረውን ፋይል መሰረዝ ነበር። ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈ ማሽኖች ግን አስቀድሞ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥራቸውን ጠየቁ፤ ቁጥሩን በቅርብ ያላስቀመጠ ሁሉ ተቸገረ። የብዙዎቻችን ላፕቶፖችም ሳናውቀው በዚሁ ዓይነት የተቆለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬ ማሽናችሁ በሚነሣበት ጊዜ ቁጥሩን ፈልጋችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከዚህ ንግግር የምትይዙት ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ እስከ የት እንደደረሰ መለየት፤ ሊመለስ ከሚችለው ሙከራ መጀመር፤ የማይመለሰውን መጨረሻ ላይ ማድረግ። ጥገና ቤት ስትሄዱ ከዋጋው በፊት «ሰነዶቼ ሳይገለበጡ ፎርማት እንዳይደረግ» በሉ፤ ቢቻል በጽሑፍ ስጡ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ጽሑፋችሁን ዛሬ ማታ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ገልብጡ፤ አንደኛው ቅጂ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ይሁን።